ሻንጣ ይዘው መጥተው ሆቴላችንን የለኩልን ልጆች

በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሀል ያለው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ስልክ ይቆረጣል። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ። የሀውስኪፒንግ ኃላፊያችን፣ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት፣ ቀፎውን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ደረጃውን ሲወጡ «ሀሎ... ሀሎ... ኧረ ይኼ ልጅ!» ይሉና ሦስት ደረጃ ተመልሰው ይወርዳሉ። አንድ ቀን አስጠርተውኝ መታጠፊያውን በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ጠበል ይረጭ እንጂ ይኼ የስልክ ችግር አይደለም» አሉኝ። ሳቅኩ። ለሰባት ወር ያህል ግን እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ጂ ፕላስ 8 ሆቴል የአይቲውንም የጥገናውንም ሥራ ደርቤ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለ አንድ አገልግሎት ነው፦ የኮርድለስ ስልክ ቤዝ (ቀፎዎቹ በሞገድ የሚገናኙት ሣጥን) ሕንፃ ውስጥ የት የት መቀመጥ እንዳለበት እየዞሩ ለክተው ስለሚነግሩ ሰዎች። እንዲህ ያለ ሥራ ለብቻው ተከፍሎበት የሚሠራ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ብዙዎቻችሁም የምታውቁት አይመስለኝም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የምነቅፍባቸው ነገር አለኝ፣ የማመሰግንበትም አለኝ፤ ስም ሲገባበት አንዱ ማስታወቂያ ሌላው ስም ማጥፋት ይሆናል።

«በሞባይል ዘመን ኮርድለስ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ቤዝመንት ውረዱ። ቤዝመንት 1 ላይ ወጥ ቤቱና ላውንደሪው አለ፤ ቤዝመንት 2 ላይ የውሃ ፓምፑ፣ ጀነሬተሩና መጋዘኑ። ሞባይል እዚያ ሲወርድ አንድ ባር እንኳ አያሳይም። በዚያ ላይ ሪሴፕሽን ለላውንደሪ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደውል ብትቆጥሩ የካርዱን ነገር ትረሱታላችሁ። ኮርድለሱ ከፒቢኤክሱ፣ ማለትም ከሆቴሉ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ጋር ስለተያያዘ እንግዳው ከክፍሉ 0 ሲጫን እትዬ ኮሪደር ላይ አንሶላ ይዘው እየሄዱ ያነሱታል። ዋይፋይ ስልክም ሞክረናል። ባትሪው ከምሳ በኋላ አይደርስም፤ ከአንዱ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ወደ ሌላው ሲሻገርም ድምፁ ይንጠባጠባል። ዴክት የሚባለው የኮርድለስ ደረጃ በአውሮፓ ከ1992 ጀምሮ ለድምፅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በራሱ ሞገድ፣ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ባለው ቦታ ይሠራል፤ ከዋይፋዩም ከማይክሮዌቩም ጋር አይጋፋም።

መጀመሪያ የሸጠልን ድርጅት ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ሎቢ ላይ ማኪያቶ ጠጣ፣ የሕንፃውን ፕላን በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ በሦስተኛው ቀን ፕሮፎርማ ደረሰን። ካርቶኑ ላይ «ሕንፃ ውስጥ እስከ 50 ሜትር፣ ገላጣ ቦታ ላይ እስከ 300 ሜትር» ይላል። ሕንፃችን ከጫፍ ጫፍ 38 ሜትር ነው። ስለዚህ በሰውዬው ሒሳብ በየሁለት ፎቁ አንድ ቤዝ ከበቂም በላይ ነው፤ አምስት ቤዝ ሸጠልን። የት ሰቀላቸው? ኬብል ባለበት። ማለትም ሊፍቱ ጀርባ ባለችው የኬብል ሻፍት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ጎኗ አርማታ፣ በሯ ብረት። ቤዙን የአርማታ ሣጥን ውስጥ ከቶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።

አልክድም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ኮርኒስ ሳይቀደድ፣ ግድግዳ ሳይበሳ፣ በአንድ ቀን ተኩል ሥራው አለቀ።

ከዚያ የእትዬ «ሀሎ ሀሎ» መጣ። ጥበቃው ከፓርኪንግ ወደ ግራውንድ ሲወጣ ይቆረጥበታል። ሩም ሰርቪሱ ልጅ ትሪ ይዞ ሰባተኛ ፎቅ ጫፍ ሲደርስ ድምፁ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ መንጣጣት ይጀምራል። ሻጩ ጋ ስደውል «ቤዝ ጨምሩ» አለኝ። የት እንደምንጨምር ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና «ችግሩ ባለበት» አለ።

ለኪዎቹን ያገኘኋቸው በአንድ የሆስፒታል አይቲ ወዳጄ በኩል ነው። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ረጅም ልጅና አንዲት ዝምተኛ ልጅ። አንድ ጥቁር ሻንጣ፣ አንድ ረጅም ትራይፖድና የተጠቀለለ ፕላን ይዘው መጡ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀጣጥረን አራት ሰዓት ከሩብ ደረሱ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አላልፈውም፤ ወጥ ቤቱ ለምሳ ሳይሯሯጥ እንዲለኩ ብዬ ነበር ጠዋት ያልኳቸው።

ሻንጣው ሲከፈት ያለው ነገር ብዙ አይደለም። ከኔትወርክ ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ሞገድ የሚረጭ አንድ ቤዝ፣ እሱን የሚያንቀሳቅስ ባትሪ፣ ሁለት ቀፎና ሁለት የጆሮ ማዳመጫ። ቀፎዎቹ ተራ ስልክ ይመስላሉ፤ ስክሪናቸው ላይ ግን ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል። 60 ከዜሮ በታች ማለትና 70 ከዜሮ በታች ማለት በወሬ ደረጃ ቅርብ ነው፤ በጉልበት ግን አሥር እጥፍ ይለያያሉ። ሁለተኛው ቁጥር በመቶኛ የሚነበብ ነው፤ ከተላኩት የድምፅ ቁራጮች ውስጥ ስንቱ ሳይበላሽ እንደደረሰ ይናገራል። እነሱ የያዙት መስፈርት ሰው በሚያወራበት ቦታ ሁሉ ከ60 ሳይወርድ፣ ጥራቱም ከ95 በመቶ ሳያንስ የሚል ነበር።

ሻጩ የዘለለው፣ እኔም ያልገባኝ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። እኔ የማስበው «ሰው የት ያወራል?» ብዬ ነበር። ልጅቷ ፕላኑን ሪሴፕሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን «ጋሼ፣ ቤዞቹ እርስ በርሳቸው የሚሰማሙት በየት በኩል ነው?» ብላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴክት ጊዜን ይቆራርጣል። አንድ ፍሬም 10 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ24 ቁራጭ ይከፈላል፤ 12ቱ ከቤዝ ወደ ቀፎ፣ 12ቱ ከቀፎ ወደ ቤዝ። ቀፎው እየሄደ ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ሲሻገር የድሮውን ሳይለቅ ከአዲሱ ጋር ሌላ መስመር ይከፍታል፤ ከያዘ በኋላ ነው የድሮውን የሚለቀው። የሚወስነውም ቤዙ ሳይሆን ቀፎው ራሱ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሁለቱ ቤዞች ቁራጩን በአንድ ዓይነት ምት መቁጠር አለባቸው። አንዱ የማኅበሩ ዋና ይሆናል፤ ሌሎቹ እሱን በአየር ላይ እየሰሙ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ፤ እሱን የማይሰማ ደግሞ የሚሰማውን ይሰማል። እንደ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ከመሪው የራቀው ዘማሪ አጠገቡ ያለውን እያየ ነው የሚያሸበሽበው። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በራሱ ምት መሄድ ይጀምራል፤ ቀፎው ከዚያ ወዲህና ወዲያ ሲሻገር ይቆረጣል።

የእትዬ ሰይጣን ይኸው ነበር። በሦስተኛና በአምስተኛ ፎቅ ያሉት ቤዞች ሁለት ሶሌታ፣ አንድ የሊፍት አርማታና ሁለት የብረት በር መሀላቸው ገብቶ አይሰማሙም። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደህና ነበሩ።

«ከሁሉ የከፋውን ቦታ ያሳዩን» አለኝ ረጅሙ። ደረጃው መታጠፊያ ወሰድኳቸው። ሳይነቀል የቆየውን የአምስተኛ ፎቅ ቤዝ መጀመሪያ ለኩት፤ ቀፎውን በእጄ ሰጡኝና «ይራመዱ» አሉኝ። ከሻፍቱ በር ፊት ለፊት 52 ከዜሮ በታች። አምስት እርምጃ፣ 61። ወደ ደረጃው በር፣ 68። በሩ እሳት የሚከላከል የብረት በር ነው፤ ከኋላዬ ሲዘጋ 79 ሆነ። ሦስት ደረጃ ስወርድ 84፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጭው የሚል ዝምታ። ሰባት ወር ሙሉ የፈለግኩትን በሃያ ሰከንድ አየሁት ስል ግነት አይምሰላችሁ። በሩን ከፍተን ደግመን ሞከርን፤ 70 ላይ ቆመ። በሩ ብቻውን ወደ አሥር ገደማ ይበላል ማለት ነው። ሻጩ የመጣ ቀን ቀለም እየተቀባ ስለነበር የደረጃ በሮቹ ሁሉ ክፍት ነበሩ።

ከዚያ ሻንጣውን ሥራ አስገቡት። ትራይፖዱን ኮሪደሩ መሀል፣ ከደረጃው በር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ አቆሙ፤ ቤዙን ኮርኒስ ሥር ከሚሰቀልበት ከፍታ ጋር አስተካከሉት። ይህን ልብ በሉ። ወለል ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚለካ ሰው ካያችሁ የሚለካው ሌላ ሕንፃ ነው። ከዚያ ልጅቷ በአንድ ቀፎ፣ እሱ በሌላው እያወሩ ተለያዩ። እሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» እያለ ሳያቋርጥ ይቆጥራል፤ እሷ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማለች፣ ስክሪኑን ታያለች፣ ፕላኑ ላይ በእርሳስ ነጥብ ታደርጋለች። ክፍል ትከፍታለች፣ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ በሩን ከውስጥ ዘግታ ትቆማለች፣ ትወጣለች። 502 ውስጥ የነበረው እንግዳ ኮሪደር ላይ እስከ ሁለት መቶ የሚቆጥር ሰው ሰምቶ ሪሴፕሽን ደውሏል።

የብሎኬት ግድግዳ እንደፈራሁት አይደለም፤ አንዱን አልፎ ሲሄድ አምስት ስድስት ይቀንሳል። ጂፕሰም ከነጭራሹ አይቆጠርም። ሶሌታው ግን አሥራ አምስት አካባቢ ይበላል፤ ውስጡ ፌሮ አለ። ሎቢው ላይ ደግሞ ግድግዳ ሙሉ መስታወት አለን፤ ረጅሙ እዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ቀፎውን አሳየኝ፤ 58። ሳይራመድ ወገቡን ብቻ ወደ ግራ ዘንበል አደረገ፤ 71። ተመለሰ፤ 59። የሞገዱ ርዝመት 16 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ የመጣውና ከመስታወቱ ነጥሮ የመጣው ሲገናኙ አንድ ስንዝር ላይ ተደጋግፈው ሌላው ስንዝር ላይ ይጣፋሉ። «ለዚህ ነው አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ቁጥር የሚጽፍ ሰው የማይታመነው» አለኝ። ለዚህም ነው ቤዝ ከብረት ቱቦና ከአየር ማቀዝቀዣ ዳክት ሥር የማይለጠፈው።

እትዬ ላውንደሪ በር ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው «ጨረሩስ? ሴቶቹ እዚህ ቀኑን ሙሉ ናቸው» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጅቷም አልሳቀችም። «እትዬ፣ ቀፎው ሲረጭ ከፍተኛው ሩብ ዋት ነው፤ ግን ከ24 ቁራጭ ጊዜ በአንዷ ብቻ ነው የሚረጨው፤ ሲካፈል ከአንድ ዋት መቶኛ ነው። የድሮው ሞባይል በከፍተኛው 2 ዋት ነበር» አለቻቸው። እትዬ ቁጥሩን ሳይሆን ፊቷን አይተው ነው መሰለኝ «እንግዲያው ይሁን» ብለው ገቡ።

ከቤዝመንቱ ጋር የተያያዘ አንድ ቅሬታ አለኝ። ቤዝመንት 2ን ሊዘሉት ነበር። «እዚያ ማን ያወራል?» አሉኝ። ጀነሬተር ክፍል ውስጥ እጁ ዘይት የነካ ሰው ብቻውን ሲሠራ ነው ስልክ የሚያስፈልገው አልኳቸው። ወረዱ፣ ለኩ፤ ከላይ ካለው የወጥ ቤት ቤዝ ምንም አይደርስም፤ ለብቻው አንድ ይፈልጋል። ደንበኛው ባይጨቀጭቅ ኖሮ ሪፖርቱ ላይ አይገባም ነበር። የቀዝቃዛ ክፍሉን ግን ተውነው። ግድግዳው ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ቁጥሩ ሞተ። አንድ ቤዝ ለሥጋና ለቅቤ? ሼፉ በሩን ከፍቶ ይደውላል።

የመጨረሻው አቀማመጥ ስምንት ቤዝ ሆነ። አምስቱ ያሉን ናቸው፤ ሦስት ገዛን። ሁለት ቤዝመንቶቹ ላይ አንድ አንድ፣ ግራውንድ ላይ አንድ፣ አንደኛ ፎቅ አዳራሹ ጋ አንድ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ አምስተኛና ሰባተኛ ኮሪደር ላይ፣ አንድ ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ቴራሱ ያለው ሬስቶራንት ውስጥ። ከሻፍቱ ክፍል አንድም አልቀረም። ቁጥሩ ሳይሆን ቦታው ነው የለወጠን። ኮሪደሮቹ ላይ ያሉት ሁሉም ወደ ደረጃው ተጠግተዋል፤ የደረጃው ቀዳዳ ሶሌታ ስለሌለው ሞገዱ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሮቹ ተዘግተው እንኳ በቤዝና በቤዝ መሀል ከ70 አልወረደም። ዋናው ቤዝ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ሪሴፕሽን ጋ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ ራኩ (የኔትወርክ ዕቃው መደርደሪያ) እዚያ ስላለ። ልጅቷ በእርሳሷ ደረጃ እየሣለች አሳየችኝ፤ ከአንደኛ ፎቅ ወደ ታች ሦስት እርከን፣ ወደ ላይ አራት፤ ዋናው ከግራውንድ ከጀመረ ወደ ላይ አምስት ይሆናል። እርከኑ በረዘመ ቁጥር አንዷ ስትወድቅ የምታስከትለው ይበዛል። ዋናው መሀል ይሁን፣ ሰንሰለቱ ይጠር። ተከራክሬ ተሸነፍኩ።

የሞገድ ቁጥር ማከፋፈል፣ «ይኼ ቤዝ በዚህ ቻናል ያኛው በዚያ» የሚባል ነገር የለም። ቤዞቹና ቀፎዎቹ ባዶውን ራሳቸው ፈልገው ይይዛሉ፤ አሥር ሞገድ በአሥራ ሁለት ጥንድ ጊዜ፣ 120 መስመር አለ። ዋይፋይ ስተክል ከማጠፋው ጊዜ ግማሹ እዚህ የለም።

ሪፖርቱ ባለ ቀለም ፒዲኤፍ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ሥራ አስኪያጁ በጣም ወደደው። እኔ ግን ከሱ ይልቅ በእርሳስ የተሞላውን ፕላን ነው ያስቀረሁት። ፒዲኤፉ ላይ የቤዙ ከፍታ አልተጻፈም፤ ከየትኛው ግድግዳ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅም የለም። ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ላይ ሆኖ «እዚህ ነው ወይስ እዚህ?» ሲለኝ የመለስኩለት ከእርሳሱ ነጥብ ነው። ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ።

ሌላው የቀነስኩበት ሠርግ ነው። አዳራሹን የለኩት ማክሰኞ፣ ባዶ ሆኖ፣ ወንበሩ ተደራርቦ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሠርግ ነበረን፤ ከሦስት መቶ በላይ ሰው። ሰው ማለት ለዚህ ሞገድ የቆመ የውሃ በርሜል ነው። ቤዙ አዳራሹ ኋላ ግድግዳ ላይ ነበር፤ አስተናጋጆቹ ከፊት በኩል፣ ወጥ ቤት ሊፍቱ ጋ ሆነው ሲደውሉ ድምፁ መንጣጣት ጀመረ። በዚያ ላይ ያን ዕለት አሥራ አንድ ቀፎ እዚያ አካባቢ ነበር። አንድ የኛ ቤዝ በአንዴ የሚይዘው ስምንት ጥሪ ነው፤ ጥርት ያለውን ሰፊ ድምፅ ከከፈታችሁት ወደ አራት ይወርዳል። እኛ ከፍተነው ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው ጭብጨባው ሲቀልጥ የምግብ ኃላፊው በእግሩ እየሮጠ ነው ትእዛዝ ያደረሰው፤ ሲያገኘኝ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ ደወልኩላቸው። መጡ፣ ዋጋ ሳይጨምሩ፣ ሳያንገራግሩ። ቤዙን ከኋላ ግድግዳ አንስተው ከአገልግሎት በሩ በላይ፣ ሦስት ሜትር ላይ ሰቀሉት፤ ከሰው ራስ በላይ ስለሆነ ሕዝቡ አይጋርደውም። ሰፊውን ድምፅ አዳራሹ ላይ ዘጋነው። ከዚያ ወዲህ አራት ሠርግና አንድ ምርቃት አልፏል፤ የተቆረጠ ጥሪ የለም። ግን «አዳራሽ አላችሁ? ሲሞላ ስንት ሰው ይይዛል? ስንት ቀፎ ይገባል?» የሚለውን መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነሱ ሥራ ነበር።

መብራቱን በተመለከተ ጥፋቱ የኔ ነው። ቤዞቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ በኩል፣ ከስዊቹ (ኬብሎቹ ከሚሰኩበት ሣጥን) ነው። ስዊቾቹ በየፎቁ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተራችን ለመነሳት አሥራ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ አምስተኛ ፎቅ ያለው ስዊች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አልነበረውም። ስለዚህ አምስተኛው ቤዝ ይጠፋል፣ ከሱ የሚሰሙት ሰባተኛና ስምንተኛ ምታቸውን ያጣሉ፣ መብራቱ ተመልሶም ሁሉም ተነስቶ ተሰማምቶ እስኪስተካከል ደቂቃዎች ይሄዳሉ። እንግዳው ቴራስ ላይ ክትፎ አዝዞ ስልኩ ይሞታል። ልጅቷ ሪፖርቱ ላይ ጽፋው ነበር፣ ገጽ 6፤ እኔ ነኝ ቀለሙን ብቻ ያየሁት። አሁን ስምንቱም ግራውንድ ካለው አንድ ስዊች ነው የሚበሉት፤ አንድ ዩፒኤስ ይበቃል። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ስለሚፈቅድ ከራኩ እስከ ቴራሱ ደረሰ።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የባለቤቱ ወንድም ከቨርጂኒያ ሲመጣ አራት ቀፎ ያለው ኮርድለስ አመጣልን፤ ካርቶኑ ላይ ዴክት 6.0 ይላል። «የናንተ ስንተኛ ነው?» አለኝ። 6.0 ስሪት አይደለም፣ ለአሜሪካ ገበያ የወጣ የንግድ ስም ነው። በ1920 እና በ1930 ሜጋኸርዝ መሀል ይሠራል፤ የኛ ቤዝ ጨርሶ አያየውም። ይባስ ብሎ እኛ አገር 3ጂ ስልኮች ወደ አንቴናው የሚያወሩት ከ1920 ጀምሮ ባለው ሞገድ ነው፤ እሱን ሰክቶ መተው የሰፈሩን ኔትወርክ መረበሽ ነው። ረጅሙ ልጅ ካርቶኑን አይቶ «ይኼን አምጥተው ስንት ቢሮ የሰኩት አለ መሰልዎት» አለኝ። የኛው መጋዘን ውስጥ ነው፣ እንደታሸገ። ዲያስፖራ ዘመድ ያላችሁ፣ ሽቶ ይሻላል በሉት።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የሁለት ቀን ልኬቱ ከነቫቱ ከአንድ ቤዝ ዋጋ ያንሳል። ሥራ አስኪያጁ ፕሮፎርማውን ሲያይ «ለመዞር ነው የምንከፍለው?» ብሎኝ ነበር። ደረሰኝ ወዲያው ይሰጣሉ። ሁለተኛው ጉብኝት በነፃ ነበር፤ በውሉ ላይ ግን አልተጻፈም፣ እናንተ ብትሠሩ አስጽፉት። ዕቃ አይሸጡም፤ እኔ ዘንድ ትልቁ ነጥባቸው ይኼ ነው፣ ስምንት ሲሉ ስምንት ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው። ዘግይቶ ለመምጣቱ፣ ለቤዝመንት 2፣ ለፒዲኤፉና ለሠርጉ ቀንሼ ከ10 ሰባት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። የአምስት ቤዝ ሻጩን እንዳልመዝን ተዉኝ።

እትዬ አሁንም መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ልማድ ነው።

ግቢው ውስጥ አኔክስ እየተሠራ ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ። ሶሌታው ተሞልቷል፣ ብሎኬቱ ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ረጅሙ ደውሎ «ጋሼ፣ ሌላ ሥራ እዚያው አካባቢ አለን፣ በዚያው መጥተን እንለካልዎት?» አለኝ። ግድግዳው ተልሶ፣ በሮቹ ተሰቅለው፣ አልጋው ገብቶ ነው የምትለኩት አልኩት። ሳቀና «እሺ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንደርሳለን» አለ።